ከ90 ኪሎ በላይ ለሆነ ሰው የማዕበል ዊንድሰርፍ ቦርድ አመራረጥ

ከ90 ኪሎ በላይ ከሆንክ የማዕበል ቦርድ፣ ማለትም ሸራ ተተክሎበት ቆመህ በነፋስ ማዕበል ላይ የምትነዳውን ቦርድ፣ ስትፈልግ የምታገኘው ምክር በአብዛኛው ለሌላ ሰው የተሰጠ ነው። ቪዲዮ ላይ ሲበር የምታየው ቦርድ፣ ጓደኛህ የሚያወድሰው ቦርድ፣ ብዙ ጊዜ 70 ወይም 75 ኪሎ ለሚመዝን ሰው የተሠራ ነው። ፈረንሳዊው ቶማስ ትራቬርሳ የ2014 የዓለም የማዕበል ሻምፒዮን ነው። በቀላል ክብደቱም ይታወቃል። እሱ የሚወጣበትን ቦርድ ሊትር፣ ማለትም የቦርዱን ይዘት፣ አይቶ መግዛት ለአንተ ምንም አይፈይድም።

ከባድ ሰው ትንሽ ቦርድ ይዞ ሲገባ ምን እንደሚሆን እንይ። ነፋሱ 18 ኖት (በሰዓት 33 ኪሎ ሜትር ገደማ) ነው። ከዳርቻው ተነስተህ የመጀመሪያውን አረፋ አለፍክ። ቀጥሎ አንድ ትልቅ ማዕበል ከፊትህ ቆመና ነፋሱን ጋረደብህ። ሸራህ ባዶ ሆነ። ቀለል ያለው ሰው እዚያው ቆሞ ነፋሱ እስኪመለስ ይጠብቃል። አንተ ግን ቦርዱ ከእግርህ ስር እየሰመጠ ነው። ውሃው ጉልበትህ ደርሷል፣ ፍጥነት የለህም፣ ማዕበሉ ደግሞ ሊሰበር ነው። ከዚያማ ታጥበህ ወደ ዳር ትመለሳለህ። ችሎታህን አትውቀስ። የጎደለህ ሊትር ነው።

እንግዲህ እኔ የማምንበት አካሄድ ይህ ነው። ሊትሩን ከእውነተኛ ክብደትህ ተነስተህ አስላ። እሱን ከጨረስክ በኋላ ስለ ሊትር ማሰብ አቁምና ቅርጹን ተመልከት። ብዙ ከባድ ሰዎች የመጀመሪያውን ይደርሱበታል። ሁለተኛውን ግን ይዘሉታል። ከዚያ የሚንሳፈፍ ነገር ግን የማይታጠፍ ቦርድ ይዘው ይቀራሉ።

1. ከነዕቃህ ተመዘን

ጠዋት ሚዛን ላይ ስትወጣ የምታየው ቁጥር አይበቃም። ቦርዱ የሚሸከመው አንተን ብቻ አይደለም። ምሰሶውን፣ ቡሙን (ሸራውን የምትይዝበትን ዘንግ)፣ ሸራውን፣ የረጠበውን ዌትሱት (የውሃ ልብስ)፣ ሃርነሱን (ከሸራው ጋር የሚያያይዝህን ቀበቶ)ና የራሱን ክብደት ጭምር ይሸከማል።

ዌትሱትህን ለብሰህ ሃርነስህን ታጥቀህ ውሃ ግባ። ስትወጣ ሳትደርቅ ሚዛን ላይ ቁም። ከዚያ ምሰሶውን፣ ቡሙን፣ የምሰሶ ማስረዘሚያውንና ብዙ ጊዜ የምትጠቀምበትን ሸራ አንድ ላይ አስረህ ለብቻ መዝን። ለማዕበል የሚሆን ሙሉ የሸራ ዕቃ 9 ኪሎ አካባቢ ይመጣል። ለቦርዱ ደግሞ 8 ኪሎ ያዝ። ትልልቅ የማዕበል ቦርዶች ከነእግር ማሰሪያቸው ከዚያ ብዙም አይርቁም።

በቀዝቃዛ ውሃ የምትወጣ ከሆነ በወፍራሙ ዌትሱት ተመዘን። የበጋውን ልብስ ለብሰህ ተመዝነህ ለክረምት ቦርድ መግዛት ኪሎዎችን ያስረሳሃል።

2. መንሳፈፊያውን ሊትር አስላ

ስሌቱ ቀላል ነው። አንድ ሊትር የጨው አልባ ውሃ አንድ ኪሎ ይሸከማል። የባሕር ውሃ ከበድ ስለሚል አንድ ሊትሩ 1.025 ኪሎ ገደማ ይሸከማል።

100 ኪሎ የሚመዝን ሰው እንውሰድ። ለረጠበ ልብስና ሃርነስ 4 ኪሎ፣ ለሸራ ዕቃ 9፣ ለቦርድ 8 እንበል። ድምሩ 121 ኪሎ ነው። ለ1.025 ሲካፈል 118 ሊትር ይሆናል። ይህ ሰው ቆሞ፣ ነፋስም ሳይኖር፣ ቦርዱ ከውሃው ገጽ ጋር እኩል የሚሆንለት 118 ሊትር ላይ ነው።

ያው ሰው 105 ሊትር ላይ ቢወጣስ? ባሕር ላይ 105 ሊትር የሚሸከመው 107 ኪሎ ተኩል ያህል ነው። 13 ኪሎ ተኩል ይጎድላል። ያን የሚሞላው ውሃ ውስጥ የሚገባው የራሱ እግር ነው። የአንድ ሰው ሁለት እግር ከጉልበት በታች የሰውነቱን ክብደት 12 በመቶ ገደማ ይይዛል። ስለዚህ ጉልበቱ ድረስ ይገባል ማለት ነው። 112 ሊትር ቢሆን የሚጎድለው 6 ኪሎ ነው፤ ያኔ ውሃው የቅልጥሙ አጋማሽ ላይ ይቆማል። በዚህ መካከል ያለው 7 ሊትር ብቻ ነው። ውሃ ላይ ግን ልዩነቱ ሰፊ ነው። የቅልጥም አጋማሽ ድረስ ገብተህ ሚዛንህን ጠብቀህ ቀስ እያልክ መሄድ ትችላለህ። ጉልበት ድረስ ከገባህ ቦርዱን በእግርህ ስር ማቆየት ራሱ ሥራ ይሆንብሃል።

ሐይቅ ላይ የምትነዳ ከሆነ ለ121 ኪሎ 121 ሊትር ያስፈልጋል። ሦስት ሊትር ጨምርበት ማለት ነው።

ይህን ቁጥር ጻፈው። የምትገዛው ቦርድ ሊትር ይህ ነው ማለት ግን አይደለም። የምትነሳበት ነጥብ ነው።

3. በውሃውና በችሎታህ ልክ አስተካክል

ማዕበል ላይ አንድ ቦርድ ብቻ ለሚኖረው ከባድ ሰው ከገላው ክብደት ከ5 እስከ 10 ሊትር የሚበልጥ ቦርድ ይስማማዋል ብዬ አምናለሁ። 95 ኪሎ ከሆንክ ከ100 እስከ 105። 105 ኪሎ ከሆንክ ከ110 እስከ 115። እነዚህ ቁጥሮች በሁለተኛው ደረጃ ካገኘኸው መንሳፈፊያ ጥቂት ያንሳሉ። ጥቂት መስመጥ ደግሞ ይጠቅማል። ጠርዙ ውሃውን ነክሶ የሚታጠፈው በዚያ ነው።

ማዕበል ላይ ገና ጀማሪ ከሆንክ፣ ወይም የምትወጣበት ቦታ ነፋሱ የሚቆራረጥ ከሆነ ወደ ላይ ሂድ። እስከ 15 ሊትር ብትጨምር አያስቆጭም። ዋተርስታርት፣ ማለትም ውሃ ውስጥ ተኝተህ ሸራው እንዲያነሳህ ማድረግ፣ በደከመ ነፋስ ለከባድ ሰው ከባድ ነው። ቦርዱ ሲንሳፈፍልህ ቆመህ ሸራውን በገመድ መሳብ ትችላለህ። ይህ ብዙ ቀን ያድንሃል።

ነፋሱ ጠንካራና የማይቆራረጥ ከሆነ ወደ ታች መውረድ ይቻላል። በስፔኗ ደሴት ግራን ካናሪያ ላይ እንዳለው ፖሶ ዓይነት ኃይለኛ ነፋስ ያለበት ቦታ ላይ ሸራው ራሱ ከውሃው ያወጣሃል፤ ሊትር ሲበዛ ደግሞ ቦርዱ ይነጥርብሃል። እንዲህ ዓይነት ቀን ብዙ ካለህ ሁለተኛ ቦርድ አስብ። ከክብደትህ ከ5 እስከ 10 ሊትር ያነሰ ይሁን። ሁለት ቦርድ ስትይዝ ልዩነታቸው ከ12 ሊትር ካነሰ አንዱን የምታወጣበት ቀን አይኖርም።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ቦርዱ ላይ የተጻፈውን ሊትር እንደ ቃል ኪዳን አትያዘው። ሁለት ኩባንያዎች 105 ብለው የጻፉባቸው ቦርዶች ውሃ ላይ አንድ ዓይነት ላይሆኑ ይችላሉ። ሊትሩ የት እንደተቀመጠ ራሱ ስሜቱን ይለውጠዋል። ወደ ቅርጹ የምንሄደውም ለዚህ ነው።

4. ቅርጹን መርምር

እዚህ ላይ ጊዜህን ውሰድ። ሊትር መጨመር የሚቻለው በሦስት መንገድ ነው፦ በርዝመት፣ በስፋት ወይም በውፍረት። ጥሩ ንድፍ አውጪ ሦስቱንም በጥቂት በጥቂቱ ይጨምራል። ሰነፉ አንዱን ብቻ ያሳብጣል።

ርዝመቱን ተመልከት። ዛሬ ከ105 እስከ 115 ሊትር ያለው የማዕበል ቦርድ በአብዛኛው ከ225 እስከ 240 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። የ1990ዎቹ ቦርዶች 260 አካባቢ ነበሩ። ያኔ ብዙው ሊትር ወደ አፍንጫው ይሄድ ነበር። አፍንጫ ላይ ያለ ሊትር ለአንተ አይጠቅምም። አንተ የቆምከው መሐል ላይ ነው። ቦርዱን በጠርዙ አቁመህ ከጎን እየው። በጣም የወፈረው ቦታ ከምሰሶው መትከያ አንስቶ እስከ ፊተኛው እግርህ ድረስ መሆን አለበት።

ስፋቱ 62 እስከ 67 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ደህና ነው። ሰፊ ቦርድ ቆመህ ስትጠብቅ አይገለበጥብህም፣ ቀድሞም ፕላኒንግ ይጀምራል፤ ማለትም ከውሃው ላይ ተነስቶ መንሸራተት ይጀምራል። በፍጥነት ጊዜ ግን ትናንሽ ሞገዶች ይነቀንቁታል። ረጅም ከሆንክና እግርህ ትልቅ ከሆነ ስፋቱን አትፍራ። ከጠርዝ ጠርዝ ክብደትህን ማዛወር ለአንተ ቀላል ነው። አጠር ብለህ ከባድ ከሆንክ ግን ከ65 በላይ ስትሄድ ተጠንቀቅ። ጠርዙን ለመጫን ተረከዝህ ሩቅ ይሆንበታል።

አሁን ጠርዙ ላይ እጅህን አሳርፍ። በእኔ እምነት ትልቅ የማዕበል ቦርድ የሚለየው እዚህ ነው። ከፊተኛው ማሰሪያ አጠገብ ጀምረህ ጠርዙን በመዳፍህ እየጨበጥክ ወደ ጭራው ሂድ። ፊት ላይ ሞላ ያለና ክብ ሆኖ መዳፍህን ይሞላዋል። ወደ ኋለኛው እግር ስትደርስ እየሳሳ መምጣት አለበት። የመጨረሻዎቹ 30 ወይም 40 ሴንቲ ሜትር ላይ የታችኛው ጠርዝ ጣትህን ቆንጠጥ የሚያደርግ ሹል ይሆናል። ጠርዙ እስከ ኋላ ድረስ እኩል ወፍራም ከሆነ ተወው። ምንም ብትከብድ ያን ጠርዝ ማዕበል ላይ ማስመጥ ይከብድሃል። ቦርዱ መሐሉ ጉብ ብሎ ወደ ጎን የሚሳሳ ከሆነ ግን ሊትሩን ከስርህ ታገኛለህ፣ ጠርዙም ይነክሳል።

ጭራው ቀጥሎ ነው። ስፋቱ ከጫፉ 30 ሴንቲ ሜትር ገባ ብሎ ይለካል። 40 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ለከባድ ሰው ጥሩ መሐከል ነው። ከዚያ ብዙ ከጠበበ የኋላ እግርህ በጫነው ቁጥር ይሰምጥና ፍጥነት ያጣል። ብዙ ከሰፋ ደግሞ ትልቅ ማዕበል ላይ ስትወርድ እየዘለለ እጅ አይሰጥም።

የሆዱን ቅስት ለማየት ቦርዱን ገልብጠህ ሆዱ ላይ ረጅም ቀጥ ያለ ዘንግ አጋድም። ሮከር የሚሉት ይህ ነው። ዘንጉ የሚያርፍበት ቀጥ ያለው ክፍል ከፊኑ (ከጭራው ስር ከሚተከለው ክንፍ) ፊት በረዘመ ቁጥር ቦርዱ ቶሎ ይፈጥናል። ቅስቱ በበዛ ቁጥር ደግሞ በጠባቡ ይታጠፋል። የምትወጣበት ቦታ ነፋሱ ከባሕር ወደ ዳር የሚነፍስ፣ ማዕበሉም ለስላሳ ከሆነ ቀጥ ያለውን ምረጥ። ከባድ ሰው ብዙ ቅስት ያለው ቦርድ ላይ ሲወጣ ውሃ እየገፋ ነው የሚሄደው። ነፋሱ ከጎን ለሚመጣበት በሃዋይ ማዊ ደሴት እንዳለው ሁኪፓ ላለ ቦታ ግን ቅስት ያስፈልግሃል፤ እዚያ ፍጥነቱን ማዕበሉ ራሱ ይሰጥሃል።

እግረ መንገዴን ስለ ፍሪዌቭ፣ ማለትም በማዕበል ቦርድና በጠፍጣፋ ውሃ ቦርድ መካከል ስላለው ዓይነት፣ ልናገር። ሻጮች ለከባድ ሰው ቶሎ የሚያቀርቡት እሱን ነው። በ105 እና በ115 ሊትር እንደ ልብ ስለሚገኝ ነው። ጠፍጣፋ ውሃ ላይ ግሩም ነው። አብዛኛው ጊዜህ ቀጥ ብሎ መሮጥ ከሆነ ግዛው፣ ደስ ይልሃል። ማዕበል ላይ መታጠፍ ከሆነ ፍላጎትህ ግን ደረቅ ይሆንብሃል። ሊትሩ ተመሳሳይ ስለሆነ ብቻ የማዕበል ቦርድ ነው ብለህ አትቀበል።

5. ፊኖቹን ከክብደትህ ጋር አዛምድ

ከቦርዱ ስር የሚተከሉት ፊኖች የአንተን የኋላ እግር ግፊት መቋቋም አለባቸው። ትንሽ ከሆኑ በድንገት ይለቃሉ፣ ጭራውም ወደ ጎን ይንሸራተታል።

ሦስት ፊን ላለው ቦርድ መሐሉ 18 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር፣ ጎኖቹ 10 አካባቢ ሆነው ቢጀምሩ መልካም ነው። ለብዙ ከባድ ሰዎች ይህ አደረጃጀት ይስማማል። ቶሎ ያስነሳል፣ ጎኖቹም ማዕበል ላይ ይይዛሉ። አራት ፊን በንጹሕና በትልቅ ማዕበል ያስደስታል። ነፋሱ ሲደክም ግን ዘገም ይላል። አንድ ፊን ብቻ ያለው ፈጣን ነው፣ ለመታጠፍ ግን ያነሰ ይዞታ አለው።

ከመግዛትህ በፊት የፊን መሰኪያው ዓይነት ምን እንደሆነ ጠይቅ። ዩኤስ ቦክስ፣ ስሎት ቦክስ፣ ሚኒ ተትል እያሉ ይጠሩታል። አንዱ ፊን ከሌላው መሰኪያ አይገባም። ድንጋይ ነክቶ ሲሰበር ምትኩን ማግኘት ያለብህ አንተ ነህ።

6. ማሰሪያና የተረከዝ ትራስ

የእግር ማሰሪያው ትልቅ እግር የሚቀበል ይሁን። እግርህ እስከ መሐሉ መግባት አለበት። ተረከዝህ ግን ማለፍ የለበትም። የእያንዳንዱ ማሰሪያ ጫፍ በሁለት ብሎን የሚያዝ ቢሆን ይመረጣል። በአንድ ብሎን ሲሆን በከባድ እግር ስር ይዞራል። ረጅም ከሆንክ የፊትና የኋላ ቀዳዳዎች ተራርቀው መቀመጣቸውን አረጋግጥ። ጠባብ አቋቋም ጉልበትህን ይጎዳል። ከተረከዝህ ስር ያለው ስፖንጅም ወፍራም ይሁን።

7. ጥንካሬውን ፈትሽ፣ በተለይ ያገለገለ ከሆነ

ከባድ ሰው ዘሎ ጠፍጣፋ ሲያርፍ ቦርዱ የሚጎዳበት ቦታ የታወቀ ነው። ከተረከዙ ስር፣ ከምሰሶው መትከያ ዙሪያ፣ እና ምሰሶው ወድቆ የሚመታው አፍንጫው። አዲስ ስትገዛ እነዚህ ቦታዎች በካርቦን ወይም በተጨማሪ ፋይበር መጠናከራቸውን ጠይቅ። ለአንተ ግማሽ ኪሎ የሚቀልለው ቦርድ ጥቅሙ ትንሽ ነው። የሚጠነክረውን ውሰድ።

ያገለገለ ከሆነ ሳንቲም ያዝና ጀርባውን ቀስ እያልክ አንኳኳ። ደህናው ቦታ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። የላይኛው ሽፋን ከውስጡ የተላቀቀበት ቦታ ስትደርስ ድምፁ ይደፈናል። እዚያ ላይ በአውራ ጣትህ ተጫን። ገባ ብሎ ከተመለሰ ውስጡ ለቋል። በማሰሪያዎቹ መካከል ያለው ቦታ ላይ ሁለት ጊዜ አንኳኳ፤ ስፖንጁ ስለሚሸፍነው ሻጩ ራሱ ላያውቀው ይችላል።

ቀጥለህ መዝነው። ኩባንያው ከጻፈው ከአንድ ኪሎ በላይ ከከበደ ወይ ተጠግኗል ወይ ውሃ ጠጥቷል። ለማረጋገጥ የአየር መውጫዋን ብሎን አጥብቀህ ለትንሽ ጊዜ ፀሐይ ላይ አስቀምጠው። በውስጡ ያለው አየር ሲሞቅ ይሰፋል፣ ስንጥቅ ካለም እርጥበቱ በዚያ ያንጠባጥባል። ብዙ አታቆየው፣ ከመጠን በላይ መሞቅ ራሱ ሽፋኑን ያላቅቃል። ያችን ብሎንና የጎማ ቀለበቷንም እያት። ቀለበቷ ከተሰነጠቀች ትቀየር።

8. ገበያ ላይ ካጣህ አሠራ

ከ110 ሊትር በላይ እውነተኛ የማዕበል ቅርጽ ያለው ቦርድ በፋብሪካ ምርት ውስጥ ምርጫው ይጠብባል። 110 ኪሎና ከዚያ በላይ ለሚመዝን ሰው ቦርድ በእጁ ከሚሠራ ባለሙያ ማዘዝ ጥሩ መንገድ ነው። ስትሄድ ክብደትህን ሳትቀንስ ንገረው። ቁመትህን፣ የጫማ ቁጥርህን፣ የሸራዎችህን መጠን፣ የምትወጣበትን ቦታ ነፋስና የማዕበል ዓይነት ጨምር። አሁን ያለህ ቦርድ የት ላይ እንደሚያስቸግርህ በዝርዝር ካስረዳኸው ከማንኛውም ቁጥር በላይ ይረዳዋል።

9. ውሃ ላይ ሞክረው

ከቻልክ ሳትሞክር አትግዛ። መጀመሪያ ነፋስ በደከመበት ቦታ ቆመህ ጥቂት ደቂቃ ዝም ብለህ ሂድ። ውሃው የት ደረሰ? አፍንጫው ከውሃው በላይ ነው? ክብደትህን ትንሽ ወደ ኋላ ስታደርግ ጭራው ወዲያው ከሰመጠ ሊትሩ አንሷል፣ ወይም ጭራው ጠቧል።

ከዚያ ሙሉ ነፋስ ባለበት አስነሳው። ፕላኒንግ እስኪጀምር ስንት ጊዜ ሸራውን ወደ ራስህ እየሳብክ ማራገብ አስፈለገህ? ቀጥሎ ማዕበል ያዝና ከግርጌው ታጠፍ። ጠርዙን ስትጫን ወዲያው መንከስ አለበት። ጉልበትህን ሙሉ በሙሉ አጥፈህ ጠርዙ አሁንም ከውሃው በላይ ከቀረ ቦርዱ በዝቶብሃል ወይም ጠርዙ ወፍሯል።

ይህን አይተህ ወዲያው አትፍረድ። መጀመሪያ የምሰሶውን መትከያ ከመሐል ጀምረህ አንቀሳቅሰው። ቦርዱ ከነጠረብህ ሁለት ሴንቲ ሜትር ወደ ፊት፣ መታጠፍ ካስቸገረህ ያንኑ ያህል ወደ ኋላ አድርገው። ጭራው የሚንሸራተት ከሆነ የመሐሉን ፊን በአንድ ሴንቲ ሜትር አሳድግ። አንዱን ለውጠህ ውጣ፣ ከዚያ ሌላውን። ሁለቱን በአንድ ላይ ከቀየርክ የትኛው እንደረዳህ አታውቅም።